«ናሙናው ከ30 በላይ ከሆነ ይበቃል» ይባላል፤ እውነት ይበቃል? አሲምፕቶቲክ ስታቲስቲክስ ለጤና ምርምር

«ናሙናው ከ30 በላይ ስለሆነ ኖርማል ስርጭትን ተጠቅመናል።» ይህ ዓረፍተ ነገር በጤና ሳይንስ የመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ ተደጋግሞ ይገኛል። ተማሪው ከመምህሩ ሰምቶታል፣ መምህሩም በተማሪነቱ ዘመን ሰምቶታል፤ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም። ኖርማል ስርጭት ማለት መሃሉ ከፍ ብሎ በሁለቱም ወገን ዝቅ የሚል፣ የደወል ቅርጽ ያለው የቁጥሮች ብትን ነው። እስቲ በቁጥር እንፈትነው። አንድ መድኃኒት ከ100 ታካሚዎች በአንዱ ላይ የጉበት ጉዳት ያደርሳል እንበል። ይህን የማያውቅ ተመራማሪ መድኃኒቱን ለ30 ሰዎች ሰጥቶ የተጎዱትን ቆጠረ፤ ከዚያም በየመማሪያ መጽሐፉ ባለው የተለመደ ቀመር የ95 በመቶ የመተማመኛ ክልል ሠራ። ጥናቱ በዚሁ መንገድ ብዙ ጊዜ ቢደጋገም፣ ክልሉ እውነተኛውን ቁጥር የሚያቅፈው 95 በመቶ ጊዜ መሆን ሲገባው 26 በመቶ ጊዜ ብቻ ነው። በቀሩት ጥናቶች ከሞላ ጎደል በሁሉም ከ30ዎቹ አንድም ሰው ስለማይታመም፣ ቀመሩ «ጉዳቱ ዜሮ፣ ስህተቱም ዜሮ» የሚል መልስ ይሰጣል።

ሄሞግሎቢንን ወይም የሰውን ቁመት ለሚለካ ጥናት ግን 30 ሰው አንዳንድ ጊዜ ከበቂ በላይ ነው። ለአንዱ የሚበቃው ለሌላው የማይበቃበትን ምክንያት የሚያስረዳው ትምህርት አሲምፕቶቲክ ስታቲስቲክስ ይባላል። በባዮስታቲስቲክስ ድኅረ ምረቃ፣ በተለይም በዶክትሬት ደረጃ፣ ተማሪዎችን ከሚያስጨንቁ ኮርሶች አንዱ ነው። ብዙዎች ፈተናውን ካለፉ በኋላ ለምን እንደተማሩት ሳይገባቸው ይረሱታል። ይህ ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ኮምፒውተሩ በውጤት ሰንጠረዥ ላይ የሚያትማቸው መደበኛ ስህተት፣ ፒ ዋጋ (ልዩነት ባይኖር ኖሮ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የጎላ ውጤት የመታየት ዕድል) እና የመተማመኛ ክልል በአብዛኛው የሚመጡት ከዚሁ ትምህርት ነው። ቁጥሩን የሚያነብ ሰው ቁጥሩ በምን ቅድመ ሁኔታ እንደተሰላ ማወቅ አለበት።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

አሲምፕቶቲክ ስታቲስቲክስ ምን ይጠይቃል?

ተመራማሪ በእጁ ያለው ናሙና ነው፤ ማወቅ የሚፈልገው ግን ስለ ሕዝቡ ነው። ከናሙናው ተሰልቶ ስለ ሕዝቡ የሚነገረው ቁጥር ግምት ይባላል፤ ግምቱ የሚሰላበት ዘዴ ደግሞ ገማች። ሌላ ናሙና ቢወሰድ ሌላ ግምት ይወጣ ነበር። እነዚህ ሊወጡ ይችሉ የነበሩ ግምቶች በእውነተኛው ዋጋ ዙሪያ ምን ያህል ይበተናሉ? ብትናቸውስ ምን ቅርጽ አለው? የብትናቸው መጠን መደበኛ ስህተት ይባላል። የመተማመኛ ክልል የሚሠራውም ከዚሁ ከመጠኑና ከቅርጹ ነው።

ይህን ብትን በትክክል ማስላት የሚቻለው በጥቂት ቀላል ሁኔታዎች ብቻ ነው። ለሎጂስቲክ ሪግሬሽን («ታመመ» ወይም «አልታመመም» ዓይነት ውጤትን ከመንስኤዎቹ ጋር ለሚያያይዘው ሞዴል)፣ ለታካሚዎች የመቆያ ጊዜ ትንተና (እስከ ሞት ወይም እስከ ሌላ ክስተት ያለውን ጊዜ ለሚያጠናው) ወይም ለክላስተር ጥናት (ሰዎች በቡድን በቡድን ለሚመረጡበት) በእጅም በኮምፒውተርም አስቸጋሪ ነው፤ መልሱም በማይታወቁ ቁጥሮች ላይ የተንጠለጠለ ይሆናል። ስለዚህ የሒሳብ ሊቃውንት ጥያቄውን ቀየሩት። ናሙናው እያደገ፣ እያደገ ቢሄድ ብትኑ ወደ ምን ዓይነት ቅርጽ ይጠጋል? የዚህ ጥያቄ መልስ ብዙ ጊዜ ቀላልና ንጹሕ ነው። ከዚያ በእጃችን ላለው ውስን ናሙና ያንን መልስ እንደ ማቀራረቢያ እንጠቀምበታለን።

ማሳ የሚለካ ሰው ምድር ክብ መሆኗን እያወቀ መሬቱን እንደ ጠፍጣፋ ቆጥሮ በገመድ ይለካል። ለአንድ ጥማድ መሬት ስህተቱ ከቁጥር አይገባም፤ ከአዲስ አበባ እስከ ካይሮ ለሚለካ ግን ይገባል። አሲምፕቶቲክ ስታቲስቲክስም እንደዚሁ ጠፍጣፋውን ልኬት ይሰጠናል፤ ደህና ሆኖ ከተማርነው ደግሞ ጠፍጣፋነቱ የት ላይ እንደሚያበቃ ያሳየናል። ብዙ ተማሪዎች የመጀመሪያውን ይዘው ሁለተኛውን ይተዉታል።

ሕጎቹ ከየት መጡ?

ሁለት ሕጎች የቀረውን ሁሉ ይሸከማሉ። የመጀመሪያው የትልልቅ ቁጥሮች ሕግ ነው። ስዊዘርላንዳዊው ያዕቆብ በርኑሊ ያረጋገጠው ሲሆን፣ ሥራው የታተመው እርሱ ከሞተ ከስምንት ዓመት በኋላ በ1713 ነው። ሕጉ የሚለው ናሙናው ባደገ ቁጥር የናሙናው አማካይ ከሕዝቡ አማካይ በተወሰነ ርቀት የመራቁ ይሆንታ ወደ ዜሮ እንደሚጠጋ ነው። ይህን ባሕርይ ያለው ገማች «ወጥ» ይባላል፤ ማለትም ጊዜና ገንዘብ ቢፈቅድለት በመጨረሻ እውነቱን ያገኛል።

ሁለተኛው የማዕከላዊ ገደብ ሕግ ነው። በ1733 በለንደን በስደት ይኖር የነበረው ፈረንሳዊ አብርሃም ደ ሟቭር ለሳንቲም ውርወራ ዓይነት ቁጥሮች አገኘው፤ በ1810 ላፕላስ አስፋፋው። ስሙን ያወጣለት ግን ጆርጅ ፖልያ በ1920 ነው። ሕጉ እንዲህ ይላል፦ የእያንዳንዱ ሰው ልኬት ምንም ዓይነት ቅርጽ ቢኖረው፣ ቫሪያንሱ (ከአማካዩ ያለው ርቀት ዳግም ርቢ አማካይ) ውስን እስከሆነና ልኬቶቹ እርስ በርስ ነጻ እስከሆኑ ድረስ፣ የአማካያቸው ብትን ናሙናው ሲያድግ የደወል ቅርጽ ወዳለው ኖርማል ስርጭት ይጠጋል። ምን ያህል በፍጥነት እንደሚጠጋ ግን ሕጉ አይናገርም። «30» የሚባለው ቁጥር በሕጉ ውስጥ የትም ቦታ የለም። ፍጥነቱ የሚወሰነው የልኬቱ ቅርጽ ምን ያህል ወደ አንድ ወገን እንዳዘነበለ ነው። ቁመት በሁለቱም ወገን ተመጣጣኝ ስለሆነ ቶሎ ይደርሳል፤ ከመቶ አንድ ጊዜ የሚከሰት ጉዳት ግን እጅግ ያዘነበለ ስለሆነ ረጅም መንገድ ይቀረዋል።

ከዚሁ ሕግ የሚወጣ አንድ ነገር የምርምር በጀት የሚያወጣ ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። መደበኛው ስህተት የሚቀንሰው በናሙናው ብዛት ሳይሆን በብዛቱ ዳግም ዘር ነው። ስህተቱን በግማሽ ለመቀነስ አራት እጥፍ ሰው ያስፈልጋል፤ ወደ አሥረኛ ለማውረድ መቶ እጥፍ።

ገማቹ አማካይ ካልሆነስ?

ሁለቱም ሕጎች የሚናገሩት ስለ አማካይ ነው። የጤና ተመራማሪ የሚጠቀምባቸው ገማቾች ግን አብዛኞቹ አማካይ አይመስሉም። የሎጂስቲክ ሪግሬሽን ግምት የሚገኘው አንድን እኩልነት በመፍታት ነው፦ ከእያንዳንዱ ታካሚ አንድ ቁጥር ይወሰዳል፣ ቁጥሮቹ ይደመራሉ፣ ከዚያ ድምሩን ዜሮ የሚያደርገው ዋጋ ይፈለጋል። ይህ ከአማካይ ጋር ምን ያገናኘዋል?

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ የኮርሱ ልብ ያለው እዚህ ነውና። ዋጋው ሲለዋወጥ ድምሩ የሚሠራውን ኩርባ በእውነተኛው ዋጋ አጠገብ በቀጥታ መስመር እንተካው። መስመሩ ዜሮን የሚቆርጥበትን ቦታ ስንፈልግ፣ ግምቱ ከእውነቱ የራቀበት መጠን አንድ ክፍልፋይ ሆኖ ይወጣል። ላዕሉ የታካሚዎቹ ቁጥሮች አማካይ ነው፤ ስለዚህ የማዕከላዊ ገደብ ሕግ ኖርማል ያደርገዋል። ታህቱም የኩርባው ዝንባሌ አማካይ ነው፤ እርሱን የትልልቅ ቁጥሮች ሕግ በአንድ ቋሚ ቁጥር ላይ ያሳርፈዋል። እየተወዛወዘ ያለን ነገር ወደ ቋሚነት እየተጠጋ ላለ ነገር ማካፈልን የሚፈቅደው በዬቭጌኒ ስሉትስኪ ስም የሚጠራው ቲዎረም ነው። በመጨረሻ የሚቀረው፣ ኩርባውን በመስመር ስንተካ የጣልነው ትርፍ ኢምንት መሆኑን ማሳየት ነው። ሒሳቡ ከባድ የሚሆነው በዚህ በመጨረሻው እርምጃ ላይ ነው።

እነዚህን አራት እርምጃዎች በልቡ የያዘ ተማሪ፣ በመጽሔት ጽሑፎች መጨረሻ የሚታተሙትን አስፈሪ ማረጋገጫዎች ሲያነብ አብዛኛውን ጊዜ እነዚያኑ አራቱን ያገኛቸዋል። ትምህርቱ የሚያስተምረን ትልቁ ነገርም ይኸው ነው፦ ደህና ገማች ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ውስጡ ሲገለጥ አማካይ ነው። እያንዳንዱ ታካሚ በውጤቱ ላይ የሚያሳርፈው ድርሻ አለው፤ ይህ ድርሻ የተፅዕኖ ፋንክሽን ይባላል። የድርሻዎቹ ቫሪያንስ ከታወቀ መደበኛው ስህተት ታወቀ ማለት ነው። ዛሬ መንስኤንና ውጤትን ለመለየት የሚያገለግሉት አዳዲስ ዘዴዎች፣ ማሽን ለርኒንግን ከስታቲስቲክስ ጋር የሚያጣምሩት ጭምር፣ የተሠሩት በዚህ ፋንክሽን ዙሪያ ነው።

«እያደገ ሲሄድ» ስንል የሚያድገው ምንድን ነው?

በጤና ምርምር አብዛኛው ስህተት የሚፈጠረው ይህን ጥያቄ ባለመጠየቅ ነው። መልሱ «የሰው ብዛት» የሚመስልበት፣ ግን ያልሆነበት ጊዜ ብዙ ነው።

በ2020 መጨረሻ የታተመውን የፋይዘርና የባዮንቴክ የኮቪድ ክትባት ሙከራ እንመልከት። በሙከራው 43 ሺህ ያህል ሰዎች ተሳትፈዋል። በዋናው ትንተና ክትባቱን ከወሰዱት 18,198 ሰዎች 8ቱ፣ ፕላሴቦ (ክትባት የሌለበት ማስመሰያ) ከወሰዱት 18,325 ሰዎች 162ቱ በበሽታው ተይዘዋል። የሁለቱ ምጣኔዎች ንጥጥር 0.05 ያህል ነው፤ ክትባቱ 95 በመቶ ውጤታማ ነው የተባለው በዚህ ነው። ይህ 95 ምን ያህል ይታመናል?

ንጥጥር ከዜሮ በታች መውረድ ስለማይችል ብትኑ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ስለዚህ ባለሙያዎች ስሌቱን በሎጋሪዝም ይሠራሉ፤ በሎጋሪዝም ዓለም ዜሮ ወለል መሆኑ ይቀራልና ብትኑ ወደ ደወል ቅርጽ ይቀርባል። የሎጋሪዝሙን ስህተት ለማግኘት ደግሞ የዴልታ ዘዴ የሚባለው ያገለግላል፦ ቫሪያንሱን በለውጡ ፍጥነት ሁለት ጊዜ ማባዛት። እንዲህ ያለ የብርቅ ክስተት ቆጠራ ቫሪያንሱ ከቆጠራው ጋር እኩል ስለሆነ ለ8ቱ ሰዎች ቫሪያንሱ 8 ነው። ሎጋሪዝም በ8 ላይ የሚለወጥበት ፍጥነት 1/8 ነው። 8 ሲባዛ በ1/8፣ እንደገና ሲባዛ በ1/8፣ ውጤቱ 1/8 ይሆናል። ለ162ቱም በተመሳሳይ መንገድ 1/162 ይመጣል። የሁለቱ ድምር 0.131፣ ዳግም ዘሩ 0.36 ነው። ከዚህ የሚሠራው የ95 በመቶ ክልል ከ89.9 እስከ 97.6 በመቶ ይደርሳል።

በዚህ ስሌት ውስጥ 18 ሺዎቹ ስህተቱን ለመቀነስ ያደረጉት አስተዋጽኦ ከቁጥር የማይገባ ነው። ከጠቅላላው እርግጠኛ አለመሆን አብዛኛው፣ ከመቶ እጅ 95ቱ እጅ፣ የመጣው ከስምንቱ የታመሙ ሰዎች ነው። ለዚህ ጥናት ናሙናው 43 ሺህ አይደለም፤ የሚያድገው ቁጥር የታማሚዎች ቁጥር ነው። የክትባትና የካንሰር ሙከራዎች «ይህን ያህል ክስተት እስኪመዘገብ ድረስ እንጠብቃለን» ተብለው የሚታቀዱትም በዚህ ምክንያት ነው።

በሙከራው ይፋ የተደረገው ክልል ከ90.3 እስከ 97.6 ነበር፤ የተሰላውም የኖርማል ማቀራረቢያን በማይጠቀም በሌላ ዘዴ፣ በቤይዝያን ስሌት ነው። በስምንት ክስተት ብቻ ማቀራረቢያው ይህን ያህል መቅረቡ ያስደንቃል። ሎጋሪዝሙን ትተን በቀጥታ በንጥጥሩ ላይ ብንሠራ ግን ክልሉ ከ91.5 እስከ 98.6 ይሆን ነበር፤ ከሚገባው በላይ ለክትባቱ ያደላ ነው። ለናሙናው ወሰን የለሽ እድገት ሁለቱም ቀመሮች እኩል ትክክል ናቸው። ለስምንት ሰው ግን እኩል አይደሉም።

ሁለተኛው ምሳሌ ከቤታችን ነው። የ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ 15,683 ሴቶችን አነጋግሯል፤ ከአገራችን የጤና ተማሪዎች ብዙዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሠሩት በዚህ መረጃ ነው። ሴቶቹ ግን አንድ በአንድ ከመላ አገሪቱ የተለቀሙ አይደሉም። መጀመሪያ 645 የቆጠራ ቦታዎች፣ ማለትም 202 በከተማና 443 በገጠር፣ ተመረጡ፤ ከዚያ በየቦታው ካሉት ቤተሰቦች ሴቶቹ ተጠየቁ። በአንድ ቦታ የሚኖሩ ሴቶች የሚጠጡት ውኃ፣ የሚሄዱበት ጤና ኬላና የሚሰሙት ወሬ አንድ ነው፤ መልሳቸውም ይመሳሰላል። ከመካከላቸው ሃያኛዋ የምትጨምረው አዲስ መረጃ የመጀመሪያዋ ከሰጠችው እጅግ ያነሰ ነው። እያንዳንዷን እንደ ነጻ ምስክር የሚቆጥር ቀመር ስህተቱን አሳንሶ ያሳያል፤ ፒ ዋጋውም ያለ አግባብ ትንሽ ይሆናል።

መፍትሔው በኮምፒውተር ፕሮግራሞች ውስጥ «ሳንድዊች» ወይም «ሮበስት» እየተባለ የሚታወቀው መደበኛ ስህተት ነው። ኩንግ-ዪ ሊያንግና ስኮት ዜገር በ1986 ተደጋጋሚና ተያያዥ ለሆኑ መረጃዎች ያስተዋወቁት ዘዴም የሚጠቀመው በእርሱ ነው። የሰዎቹን ዝምድና በትክክል ባናውቀውም መልሱ ትክክል ይሆናል፤ ይህ ትልቅ ስጦታ ነው። ዋስትናው የተሰጠው ግን የክላስተሮቹ ቁጥር እያደገ ሲሄድ ነው። በ645 ቦታዎች በደንብ ይሠራል። ትንተናውን በአንድ ክልል ብቻ ሲወስኑት ቦታዎቹ ወደ አሥሮች ይወርዳሉ። በ6 ቀበሌ ትምህርት ሰጥቶ ከሌሎች 6 ቀበሌዎች ጋር የሚያነጻጽር ሙከራ ደግሞ በየቀበሌው ሺህ ሰው ቢጠይቅም ያለው ናሙና 12 ነው፤ ሳንድዊቹም ስህተቱን አሳንሶ ይነግረዋል። ለዚህ የተዘጋጁ የአነስተኛ ናሙና ማስተካከያዎች አሉ፤ ተመራማሪው እንደሚያስፈልጉት ካላወቀ ግን ኮምፒውተሩ አያስታውሰውም።

ናሙና በመጨመር የማይታረም ስህተት አለ?

አለ። ይህን ያሳዩት ዬርዚ ኔይማንና ኤሊዛቤት ስኮት በ1948 ናቸው። የአንድ የደም ግፊት መለኪያ ስህተት ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ እንፈልጋለን እንበል። እያንዳንዱን ታካሚ ሁለት ሁለት ጊዜ እንለካለን። የማይታወቁት ነገሮች የመሣሪያው የስህተት ቫሪያንስና የእያንዳንዱ ታካሚ እውነተኛ ግፊት ናቸው። ከፍተኛ ላይክሊሁድ የሚባለውን፣ የተገኘውን መረጃ የማየት ዕድልን ከሁሉ ከፍ የሚያደርገውን ዋጋ የሚመርጠውን ታዋቂ ዘዴ ብንጠቀም፣ የቫሪያንሱ ግምት ወደ እውነቱ ሳይሆን ወደ እውነቱ ግማሽ ይጠጋል። እውነቱ 36 ከሆነ 18 ይለናል። አንድ ሚሊዮን ታካሚ ብንጨምርም 18 ነው፤ እንዲያውም በ18 ላይ ያለው እርግጠኝነት ይጨምራል። ምክንያቱ አዲስ ታካሚ በመጣ ቁጥር አዲስ የማይታወቅ ቁጥር ይዞ መምጣቱ ነው። መረጃውም አለማወቃችንም አብረው ያድጋሉ።

ይህ የሒሳብ ሊቃውንት ጨዋታ አይደለም። በኤፒዴሚዮሎጂ እያንዳንዱን ታማሚ በዕድሜና በጾታ ከሚመስለው አንድ ጤነኛ ሰው ጋር አጣምሮ ማጥናት የተለመደ ነው። ለእያንዳንዱ ጥንድ የራሱ መነሻ ቁጥር ተሰጥቶት ተራ ሎጂስቲክ ሪግሬሽን ቢሠራ፣ የኦድስ ንጥጥሩ (የመከሰት ዕድል ለአለመከሰት ዕድል ተካፍሎ በሁለት ቡድኖች ሲነጻጸር የሚገኘው ቁጥር) ግምት ወደ እውነተኛው ዋጋ ዳግም ርቢ ይጠጋል። እውነቱ 2 የሆነው 4፣ እውነቱ 3 የሆነው 9 ሆኖ ይታተማል። ኮንዲሽናል ሎጂስቲክ ሪግሬሽን የሚባለው ዘዴ የጥንዶቹን መነሻ ቁጥሮች ከስሌቱ ስለሚያስወግድ ከዚህ ያድናል። ዘዴው ለምን እንደሚመረጥ የሚያውቅ ተማሪና «ለጥንድ ጥናት ይህን ተጠቀም» ተብሎ ብቻ የተነገረው ተማሪ አንድ ዓይነት ውጤት ሊያገኙ ይችላሉ። ጥናቱ ከተለመደው ትንሽ ፈቀቅ ባለ ጊዜ ግን መንገዱን የሚያገኘው የመጀመሪያው ነው።

ክስተቱ ብርቅ ሲሆን ምን ይደረጋል?

ገደቡ ሁልጊዜ ደወል አይደለም። ሰዎቹ እየበዙ የሚጠበቀው የክስተት ቁጥር ግን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ላይ ሲቆይ፣ ቆጠራው የሚጠጋው ወደ ኖርማል ሳይሆን ወደ ፖይሶን ስርጭት ነው። ይህም አሲምፕቶቲክ ነው፤ ሌላ ነገር እንዲያድግ ስለፈቀድን ሌላ መልስ መጣ።

ለክሊኒክ ሠራተኛ ከዚህ የሚወጣ ጠቃሚ ስሌት አለ። አዲስ መድኃኒት ለ100 ሰዎች ተሰጥቶ አንድም የከፋ ጉዳት ካልታየ ምን ማለት እንችላለን? የተለመደው ቀመር ከዜሮ እስከ ዜሮ ይላል። እውነተኛው ይሆንታ ከመቶ አንድ ቢሆን እንኳ 100 ሰዎች አንድም ሳይጎዱ የማለፋቸው ዕድል 37 በመቶ ያህል ነው፤ ስለዚህ ዜሮ ማየት ምንም አያስደንቅም። ይህ ዕድል ወደ 5 በመቶ የሚወርደው ጉዳቱ ከመቶ ሦስት ያህል ሲሆን ነው። የሦስት ሕግ የሚባለው ይህ ነው፦ ዜሮ ክስተት ሲታይ የ95 በመቶው የላይኛው ወሰን 3 ሲካፈል ለሰዎቹ ብዛት ነው። ለ100 ሰው 3 በመቶ፣ ለ3,000 ሰው ከሺህ አንድ።

አንዳንድ ክስተት ቢታይም የተለመደውን ቀመር መተው ይሻላል። ኤድዊን ዊልሰን በ1927 ያቀረበው ክልል መደበኛውን ስህተት ከተገኘው ግምት በማስላት ፈንታ፣ እየተፈተሸ ካለው ዋጋ ያሰላዋል። ለውጡ ትንሽ ይመስላል። ከመቶ አንድ ለሚከሰት ጉዳት በ30 ሰው የእርሱ ክልል እውነቱን 96 በመቶ ጊዜ ያቅፋል። ሁለቱም ቀመሮች የተነሡት ከማዕከላዊ ገደብ ሕግ ነው።

ሒሳቡ እስኪረጋገጥ መጠበቅ ግዴታ ነው?

ታሪክ እንደሚያሳየው ሁልጊዜ አልተጠበቀም። ዴቪድ ኮክስ ዛሬ በሕክምና ምርምር እጅግ ከሚጠቀሱት ዘዴዎች አንዱ የሆነውን የመቆያ ጊዜ ሞዴል በ1972 አቀረበ። ችግሩ የስሌቱ ክፍሎች እርስ በርስ ነጻ አለመሆናቸው ነው፤ ሦስተኛው ሞት በተመዘገበበት ቅጽበት «ገና በሕይወት ያሉ» ተብለው የሚነጻጸሩት ሰዎች አራተኛው ሞት ሲመዘገብም በአብዛኛው እነዚያው ናቸው። ስለዚህ ነጻ ልኬቶችን የሚጠይቀው ተራው የማዕከላዊ ገደብ ሕግ አይሠራም። ኮክስ በ1975 አሳማኝ ምክንያት አቀረበ፤ የተሟላው ማረጋገጫ ግን የመጣው በ1981 በአናስታሲዮስ ሲያቲስ፣ በ1982 ደግሞ በፐር አንደርሰንና በሪቻርድ ጊል ነው። ለአንደርሰንና ለጊል መንገድ የጠረገው ኖርዌያዊው ኦድ ኦለን ሲሆን፣ በ1975 በበርክሌይ ለዶክትሬት ባቀረበው ጽሑፍ ሞቶችን በጊዜ ውስጥ እንደሚቆጠር ሂደት አድርጎ ተመለከታቸው። እስካሁን የሆነውን ሁሉ ካወቅን፣ ከተቆጠረው ላይ የሚጠበቀውን ስንቀንስ የሚቀረው ቀጣይ ለውጥ በአማካይ ዜሮ ነው፤ እንዲህ ያለው ሂደት ማርቲንጌል ይባላል፣ የራሱም የማዕከላዊ ገደብ ሕግ አለው። የኮክስን ሞዴል በጥልቀት የሚያጠና ተማሪ ማርቲንጌል የሚማረው በዚህ ምክንያት ነው።

ተማሪው ከየት ይጀምር?

የሪል አናሊሲስ መሠረት የሌለው ተማሪ መጀመሪያ ገደብን፣ ተከታታዮችንና የቴይለርን ዝርዝር ቢያጠናክር ይሻለዋል፤ በዚህ የሚጠፋ አንድ ሴሚስተር በኋላ ይካሳል። ቀጥሎ የመጠጋት ዓይነቶችን መለየት ነው። ይህ ተማሪዎች እንደ ቃላት ጥናት የሚያዩት ክፍል ነው፤ ግን ተጨባጭ ውጤት አለው። አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በአራት ሳጥን (ሁለት በሁለት) ሰንጠረዥ ውስጥ አንዱ ሳጥን ዜሮ የመሆን ዕድል ምንጊዜም አለ፤ ያኔ የኦድስ ንጥጥሩ ሎጋሪዝም ወሰን የለሽ ይሆናል። ስለዚህ የዚህ ግምት እውነተኛ ቫሪያንስ በየትኛውም የናሙና ብዛት የለም። ኮምፒውተሩ ግን መደበኛ ስህተት ያትማል፣ አላጠፋምም፤ የሚያትመው ግምቱ የሚጠጋበትን ስርጭት ቫሪያንስ ነው። ስርጭት ወደ ስርጭት መጠጋቱ ቫሪያንስ ወደ ቫሪያንስ እንዲጠጋ አያስገድድም። ይህን የተረዳ ተማሪ በናሙና ማስመሰል (በኮምፒውተር መረጃ ፈጥሮ በመሞከር) ውስጥ ወሰን የለሽ ቁጥር ሲያጋጥመው አይደናገርም።

ከዚያ የዴልታ ዘዴ፣ የከፍተኛ ላይክሊሁድ ባሕርያት፣ ከእርሱ የሚወጡት የዋልድ፣ የስኮርና የላይክሊሁድ ንጥጥር ፈተናዎች፣ ቀጥሎም እኩልነትን በመፍታት የሚገኙ ገማቾች ይመጣሉ። እስከዚህ ያለው ለአብዛኛው የተግባር ተመራማሪ ይበቃል። ማርቲንጌል፣ ኢምፒሪካል ፕሮሰስና ከፊል ፓራሜትሪክ ቲዎሪ አዲስ ዘዴ መፍጠር ለሚፈልጉ ናቸው። ከ100 ታካሚ 20 ሺህ ጂኖችን ለሚያጠኑ ደግሞ የማይታወቁት ከሰዎቹ የሚበልጡበት ሌላ ዓለም አለ፤ የዚያ ሕጎች ከዚህ የተለዩ ናቸው።

ከቲዎሪው ጎን ለጎን ግን ማስመሰል መቅረት የለበትም። «አር» በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ወይም በሌላ፣ የራስን ጥናት የሚመስል መረጃ መፍጠር ነው፦ የራስን የክላስተር ቁጥር፣ የራስን የክስተት ምጣኔ፣ እኛ ራሳችን የወሰንነው እውነተኛ ዋጋ። መረጃው ተደጋግሞ ይፈጠራል፣ በየጊዜው ክልሉ ይሠራል፣ ስንቱ እውነቱን እንዳቀፈ ይቆጠራል። 95 የተባለው 88 ሆኖ ከተገኘ ለዚያ ጥናት ያ ቀመር አይሆንም ማለት ነው፤ ይህንም መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት ማወቅ ይቻላል። ድግግሞሹ በቂ መሆን አለበት። 1,000 ጊዜ ሲደጋገም የቆጠራው የራሱ መደበኛ ስህተት 0.7 ፐርሰንት ነጥብ ያህል ስለሆነ፣ 94.4 አይቶ ቀመሩ ተበላሸ ማለት አይቻልም። በ10,000 ድግግሞሽ ስህተቱ ወደ 0.2 ይወርዳል።